ኤሊዋ ለምን ትንሽ ትሁን አላችሁ?

ለበኩር ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? ከአገሩ ብርድ፣ ከሰዉ ዓይን፣ ከሥራው ድካም ጋር ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርሷን ነቀለች ብለህ ነበር፤ አዲሱ በቀለላት? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ጉልበቱ ደክሟል ብሎ የነገረህ ሰው ካለ ዋሽቶሃል፤ ማን እንደሆነም አውቃለሁ።

ይህን የምትጽፍልኝ የኋላውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ ናት። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩን የምትይዝልኝ እህትህ ስለሆነች ነው። እሷ አጠገቤ ቆማ ስለ እሷ ምን ልበል? ልብስ ሰፊዋም ብትሆን ቃሌን ታለሰልሳለች ብዬ ስለምጠረጥር፣ ጥቂት በጻፈች ቁጥር አንብቢልኝ እላታለሁ። አባባ፣ እንዲህ ከሆነ መቼም አንጨርስም ትለኛለች። አንጨርስ። ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። እናትህ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር አለብኝ የምትል ቃል አንድ ቀን ከአፌ አመለጠችኝ። እናንተም ተመካክራችሁ ኤሊ ያሳድግ አላችሁ። ለምን ኤሊ? ብዬ እህትህን ብጠይቃት፣ አትጮህም፣ አትናከስም፣ ጎረቤት አታስቸግርም አለችኝ። ይሁን። ግን አንተም በስልክ፣ እሷም በአፏ፣ ባሏም ምሳ ላይ አንድ ነገር ትደጋግማላችሁ፤ ዝርያዋ ትንሽ ይሁን፣ ትንሽ ትመረጥ። ለምን ትንሽ? ግቢዬ ለበሬ ይበቃል! ሦስት ሰው አንድ ቃል ካጠና ከኋላው ነገር አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የጠረጠርኩትን ፊት ለፊት ልንገርህ፤ ከግቢዬ አውጥታችሁ እህትህ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ አንዷ ክፍል ልታስቀምጡኝ ነው። ኤሊዋ ትንሽ የምትሆነው ለፎቁ እንድትመች ነው።

ጠርጥሬ ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ጉድጓድ ስቆፍር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሥሩን ሳላይ አልመለስም። እህትህ ወፍና ዓሣ የሚሸጥ ሰውዬ ሱቅ ወሰደችኝ። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ይሞቃል፣ እርጥብ ገለባ እርጥብ ገለባ ይሸታል። ኤሊዎቹ በመስታወት ሣጥን፣ አምፖል ሥር ተኝተዋል። ሰውየው ምላሱ ማር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ ኪሴን ነው የምዳብሰው።

መጀመሪያ ጡጫ የምታክል ቢጫ ኤሊ አወጣና፣ አባቴ፣ የእርስዎ ይቺ ናት፣ ትንሽዬ ቆንጆ አለኝ። እኔ ግን እግሯን አየሁ። ወፍራም ነው፣ የትልቅ እንስሳ እግር ነው። ትንሽ ናት ወይስ ልጅ ናት? አልኩት። አንተ ሰውዬ፣ ጥጃም እኮ ትንሽ ነው! ስለው ሳቀና፣ እውነት ነው አባቴ፣ ይቺ ስታድግ አንድ ሰው አያነሳትም ብሎ አመነ። እህትህ እንኳ ክው አለች።

ቀጥሎ አንዲት ጠፍጣፋ አሳየኝ። ሰው የተቀመጠባት ነው የምትመስለው። ይቺ አታድግም፣ አለት ስንጥቅ ውስጥ ተሸጉጣ የምትኖር ናት፣ ድንጋይ ለድንጋይም ትወጣለች አለ። ተሸጉጣ የምትኖረው ምን ሰርቃ ነው? ሌባ አላሳድግም አልኩት። ሦስተኛዋ ከሁሉም ያነሰች፣ መዳፍ የማትሞላ ናት። እርጥበት ካገኛት ትታመማለችና ከቤት ባትወጣ ይሻላል አለን። ያን ጊዜ እህትህ፣ አባዬ፣ ይቺ ጥሩ ናት፣ ይቺን እንውሰድ ብላ ተጣደፈች። መጣደፏን ልብ አልኩ። ሰውየውም ምላሱ ማር ብቻ ሳይሆን ወንፊትም ኖሮ፣ አዎ፣ እትዬ ላሉኝ በረንዳ የምትሆነው ይቺ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል ብለውኝ የለ? አላት።

እህትህ ፊቷ በርበሬ መሰለ። እኔ በረንዳ የለኝም፣ ልጄ። ይህን አንተም ታውቃለህ።

ደጅ አውጥቼ ጠየቅኋት። አለቀሰችና ሁሉንም ነገረችኝ። ነገሩ የተጀመረው በዚህ ክረምት ግቢዬ ካለው የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ወደቀ ተብሎ ነው አሉ። አልወደቅሁም። ጭቃው አዳልጦኝ ተቀመጥኩ፤ መነሳቱ ዘገየ እንጂ። ልብስ ሰፊዋ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አቁማ፣ እኔ አይደለሁ እንዴ ጎትቼ ያነሳሁዎት? አለችኝ። ጻፊ እንጂ አትመስክሪ አልኳት። ለእህትህ ማን እንዳቀበላትም አሁን ገባኝ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል ይህንንም ጻፈች።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ጥግ ላይ ካለው ሣጥን ውስጥ አፈሩ ይነቃነቃል፤ ኤሊ ግን አይታይም። ይህስ? ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ፊቱን አጨፈገገ። እሷን ይተዋት አባቴ፣ ዝርያዋ ትንሽ ነው፣ ግን አመለኛ ናት። ቆፋሪ ናት። ክፍል ውስጥ ካስቀመጧት ጥግ ጥጉን ስትቧጥጥ ትውላለች፣ መሬት ካላገኘች ትከሳለች አለኝ። አውጣት አልኩት። እንደ ልማዴ ታችኛውን ሳላይ አላምንምና ገልብጬ ሆዷን አየሁ፤ ሰውየው በጀርባዋ አይሆንም ብሎ ጮኸብኝ። መለስኳትና ጀርባዋን በጣቴ አንኳኳሁ፤ ደህና ድምፅ ሰጠኝ። የፊት ጥፍሮቿ በአፈር ተበልተው እንደ አሮጌ ዶማ ደንዘዋል። አድጋ የጨረሰች ለመሆኗ ሰውየውን አስማልኩት። ማለ። እንግዲህ ትንሽ ትሁን አላችሁ፤ ይኸው ትንሽ ናት። እህትህ አፏን ከፍታ ቀረች።

አሁን እናትህ ጎመን ትዘራበት የነበረው መደብ ላይ ናት። በመጣች ማግስት ግማሽ አካሏን ቀበረች። እሷንም ቢሆን አላምናትም፤ ዓይኗ አጥሩ ሥር ነው። ልትሾልክ እንደሆነ ስለገባኝ በየጠዋቱ ዙሪያውን እየዞርኩ ድንጋይ እቀብራለሁ። ጉልበቱ ደክሟል ያለህ ሰው መጥቶ ይየኝ።

ለጉድጓዱ አፍ ክዳን እንዲሠራለት ፈቅጃለሁ። ለእኔ አይደለም፤ ኤሊዋ እንዳትገባበት ነው። እህትህ ክዳኑ ከተገጠመ ስለ ክፍሉ ዳግመኛ አላነሳም ብላለች። በልብስ ሰፊዋ ፊት ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው። የቀረኸው አንተ ነህ። አባቴ ከግቢው አይወጣም ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ። በስልክ አልቀበልም።

አንድ ነገር ደግሞ አስብበት። ሰውየው ይቺ ኤሊ መሬት ከተስማማት አርባም ሃምሳም ዓመት ትኖራለች ብሎኛል። እኔ ማንንም ባላምን፣ ያን ያህል እንደማልቆይ አውቃለሁ። በረንዳ ላይ አትሆንም፤ ግቢውን ብትሸጡት የትም አትሆንም። ስለዚህ የእኔ ተራ ሲያልቅ ያንተ ነው። ከአሁኑ መጥተህ ተላመዳት።

ሚስትህን ወገቧን አጥብቃ ትሰር በልልኝ፤ ከባድ ነገር አታስነሳት። ትልቁን ልጅህን ለአያቱ ድምፁን ከነፈገ ክረምት አልፏልና ተቀይሜያለሁ በልልኝ። ጥርሷን የነቀለችውን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ኤሊዋ ስም የላትም፣ ስም መርጣ ትላክልኝ፣ የሚረባ ከሆነ እቀበላለሁ። አማትህንም አክብሬ ሰላም ብያለሁ። እህትህና ባሏ ሰላም ይሉሃል፤ ማለታቸውን አልጠየቅኋቸውም፣ ግን ይላሉ። ልብስ ሰፊዋም እጅ ትነሳለች። ከዚህ በታች ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ ቃሉ ሁሉ የእኔ ለመሆኑ ምስክር ይሁን።

አባትህ፤
ከገዛ ግቢዬ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ፤
ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥቅምት 12 ቀን።