ሸርጣን የሌለበት ሸርጣን

ጥር 6፣ ማክሰኞ
ፋብሪካ ስቲከር ስለጥፍ ዋልኩ። ሦስት ሺህ ምናምን እሽግ። ዓሣው ተፈጭቶ፣ በስሎ፣ በዘንግ በዘንግ ተቆርጦ፣ አንድ ጎኑ ቀይ ይቀባና ሸርጣን ይመስላል። እኛ «ቀዩ» ነው የምንለው። የተሰባበረውን ሠራተኛ በነፃ ይወስዳል።

ከሥራ ወጥቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ፦ «ኩላሊትዎ ለእህትዎ ይስማማል። የደም ግፊትዎ ግን አንድ መቶ አርባ ስምንት ነው። በዚህ ግፊት ቀዶ ሕክምና አላደርግልዎትም። ጨው ይተዉ፣ ስምንት ኪሎ ይቀንሱ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እናያለን።»

ስምንት ኪሎ... ከየትኛው ጎኔ ልጀምር?

ታናሼ ሚጢ የኩላሊት እጥበት ላይ ነበረች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ነገርኳት። «አይዞሽ እትዬ» አለችኝ። እሷ እኔን! አፈርኩ።

ጥር 8፣ ሐሙስ
መላ ተገኘ። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ፣ ያቺ ወገበ ቀጭኗ፣ ምሳዋ ሁልጊዜ ቀዩ ነው። «ቅባት የለውም እኮ» አለችኝ። እስከዛሬ የት ነበርኩ? ከዛሬ ጀምሮ ምሳም እራትም እሱው። የጨው ዕቃዬን አንስቼ ለጎረቤት ሰጠሁ። ቆራጥ ሴት ነኝ።

ጥር 19፣ ሰኞ
ሁለት ኪሎ ወረደ። መስታወት ፊት ቆሜ ጎኔን አየሁ። አንድ ፍሬ ልጅ መስያለሁ... ከሩቅ ለሚያይ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ
ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለኝ። ቀለበቴም አልወልቅ ብሏል። ስቡ ሲቀልጥ ወደ ጣት ይሄዳል እንዴ?

የካቲት 4፣ ማክሰኞ
ሆስፒታል ሄጄ ነርሷ ግፊቴን ለካችኝ። ደግማ ለካች። አንድ መቶ ስልሳ ሁለት።

«ምንድን ነው የሚበሉት?»
«ሸርጣን» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።
«የታሸገውን?»
«አዎ፣ ስቲከሩን የምለጥፈው እኔ ነኝ።»
«እና ስቲከሩ ላይ ጨው ስንት ይላል?»

አሥራ አንድ ዓመት ለጥፌ አንድ ቀን አላነበብኩትም። እኔ የማየው ቀጥ ብሎ መለጠፉን ነው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ
ጠዋት የመጀመሪያውን ስቲከር እጄ ላይ ለጥፌ አነበብኩ። ተቆጣጣሪው መጣ። «አንቺ፣ መስመሩ ቆመ እኮ። ምን እየሠራሽ ነው?» «እያነበብኩ።» «ምኑን?» ለካ እሱም አያውቀውም።

የተፈጨ ዓሣ፣ ስታርች፣ ስኳር፣ የእንቁላል ነጭ፣ ጨው፣ ቀለም። ሸርጣን የለበትም፤ ጣዕሙን ብቻ ነው የጨመሩት። ልጅቷ አልዋሸችም፣ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል። በመቶ ግራም ዘጠና አምስት ካሎሪ፣ ሰባት ግራም ፕሮቲን። ጨው ሁለት ግራም። እኔ በቀን ሦስት መቶ ግራም እበላለሁ... ስድስት ግራም ጨው። ነርሷ በቀን ከአምስት አይለፍ ብላኛለች፣ ያውም ለጤነኛ። የጨው ዕቃዬን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ጨውን በዘንግ ስበላ ከረምኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ለሚጢ መንገር ግድ ሆነ። ጨርሳ ሰማችኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ያንን ከተከለከልኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ከእጄ የቀማሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

እውነቷን ነው። ቀምቼ፣ ተቆጥቼ፣ እዚያው ፊቷ በላሁት። ክልከላው ለበሽተኛ ብቻ መስሎኝ።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና «ሁለት ሳምንት አይሞላም የቀረሽ፣ አይደል?» አለች፣ ቀስ ብላ። ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ። የሰጡኝን ሳምንታት የበላኋቸው እኔ ነኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ
የተቀቀለ ድንች ያለ ጨው። ሳር ሳይሻል አይቀርም። ነርሷ ቀዩንም ጨርሳ አልከለከለችኝም፤ «ግፊቱ ሲወርድ፣ አልፎ አልፎ፣ ሁለት ዘንግ ከአትክልት ጋር» ብላለች። ሁለት! ለጥርሴስ ይደርሳል?

ሥራ በእግር እየሄድኩ ነው። የአውቶቡሱ ሹፌር ስላጣኝ የታመምኩ መስሎት ዛሬ ሰፈር አግኝቶኝ ጤንነቴን ጠየቀኝ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ
አንድ መቶ ሠላሳ አራት። ቀለበቴ ወለቀ። ሐኪሙ፦ «አንድ ወር እንዲህ ከቆየ ቀን እቆርጣለሁ።»

አንድ ወር ድንች...

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ
አንድ መቶ ሃያ ሁለት። ኪሎው አንድ ይቀረዋል፣ ሐኪሙ ማረኝ። ቀን ተቆረጠ፤ ሚያዝያ 7።

የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ወረቀት ሰጠኝና መጨረሻው ላይ በጣቱ አሳየኝ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«ቆይ፣ ላንብበው» አልኩት።

ሦስት ገጽ ነው። አንድ መስመር አልዘለልኩም። ከማደንዘዣው ላልነቃ እንደምችል የሚለው ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሚጢ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ታሻለች። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። የመጨረሻውን ገጽ ገለበጥኩት።

«እትዬ፣ ጀርባው ባዶ ነው እኮ» አለችኝ።

«አየሁት» አልኳት። ፈረምኩ።