ረዳት ትምጣ አልኩ

ነሐሴ 20 ቀን 2012
ውሃ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። የኮሪደሩን አምፖል ቀየርኩ። ሦስት ቁጥር ክፍልን አንኳኳሁ... አልከፈተችም። ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፣ ጫማዋ በሩ ላይ ነው። በመጨረሻ በቡጢ ብደበድበው የሁለት ቁጥሩ ሽኩር ወጣ እንጂ እሷ ንቅንቅ አላለችም። የዚህች የትንሳኤ ኩራት አይጣል ነው! ቤቴን ተከራይታ እኔኑ በር ላይ ታቆመኛለች?

ነሐሴ 23
ትንሳኤ በዋትሳፕ ጻፈች። በር አትከፍትም፣ ዋትሳፕ ላይ ግን አንደኛ ናት። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለምትጽፈው አንብቤ እስክጨርስ ዓይኔ ጠፋ። «እትዬ፣ ረዳት ማምጣት ፈልጌ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ትፈቅጃለሽ?»
አንቱታ እዚህ በሰው አገር ያደጉ ልጆች ዘንድ አልደረሰም። ተውኩት።
ግን ረዳት ለምኗ ነው? ሽኩር ዛንድስፕሩት ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ረዳት አለው፣ ሱቅ ነዋ። እሷ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ... ይሁን። ስሟ ማን ነው አልኳት። «ሊንዲ።» የዙሉ ልጅ መሆኗ ነው። ትጠጣለች? ወንድ ታመጣለች? የሚስቅ ፊት ደርድራ ላከችልኝ። «ኧረ! በጣም ጨዋ ናት። በጊዜ ትተኛለች።»
«እሺ፣ ትምጣ» ብዬ ጻፍኩ።

ጳጉሜን 2
ለሊንዲ ቁልፍ አስቀረጽኩ። ትርፉን ፍራሽም አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

መስከረም 14 ቀን 2013
ዛሬ ሊንዲ መጣች።
ቁልፉን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። «ሳኒቦና ሊንዲ» ብዬ በዙሉኛ ሰላም ልላት ተዘጋጅቻለሁ። መኪና መጣ። ትንሳኤ ወረደች። ቀጥሎ ጥጃ የሚያክል ጥቁር ውሻ ወረደ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ። «ሊንዲስ?» አልኩ። ወደ ውሻው አሳየችኝ።
ከዚያ በኋላ ኩሽና ወንበር ላይ ቆሜ ስጮህ ነው ራሴን ያገኘሁት። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሴትዮ! ካትሌሆንግ ሰፈር ሱቅ እያለኝ የነከሰኝ ውሻ ጥርስ እስከ ዛሬ ባቴ ላይ አለ። በሩ ላይ «ውሻ ክልክል ነው» ብዬ የለጠፍኩት ለጌጥ ነው እንዴ?

መስከረም 15
ከአፍ ከወጣ አፋፍ... ትንሳኤ ስልኳን አሳየችኝ። «እሺ፣ ትምጣ» ይላል፣ ያውም በራሴ ፊደል።
«ውሻ ረዳት ይባላል?» አልኳት፣ ለኮሮና ያደረግኩትን ማስክ በንዴት አውርጄ።
«በእንግሊዝኛ ረዳት ውሻ ነው የሚሏት። መዝገበ ቃላት አይቼ ነው የጻፍኩት።»
ቀልዴን መስሏት ነበር ያን ሁሉ የሳቀችው። ለውሻ፣ ወንድ ታመጣለች ወይ ብዬ ጠይቄ...
ወረቀት አምጪ ብዬ ገባሁ።

መስከረም 17
ወረቀት አመጣች። በመስኮት ስለተቀበልኳት ማስክ አላደረግኩም። አንዱ ከሐኪም፣ አንዱ ከአሠልጣኞቹ። የሥራ ውሻ ናት፣ ለመዝናኛ የተያዘች አይደለችም ይላል። ለምን እንደምታስፈልጋትም ሳይጽፍ አይቀርም... እስከ ታች አላነበብኩትም። መጨረሻውን ገልጬ «ማህተም የለውም» አልኳት።
«ማህተም ምንድን ነው?»
ክብ ማህተም የማታውቅ ሐበሻ! እዚህ አገር ፊርማ ይበቃል አለችኝ። እኔ ጋ አይበቃም አልኩ። ደግሞ ሽኩር ሙስሊም ነው፣ ከውሻ ጋር አይኖርም አልኳት።
አውቃለሁ፣ ሰበብ ነው። ሰውን በቀጥታ ውጪ ከማለት ይሻላል ብዬ ነው። ይሻላል ግን?

መስከረም 19
ሽኩር ደረጃ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ትንሳኤ ነግራው ኖሯል።
«እትዬ፣ በእኔ ስም ነው የከለከሏት?»
«ያው... ውሻ አትወዱም ብዬ...»
«ማን ጠየቀኝ? ለሥራ የሚያዝ ውሻ ችግር የለበትም። መስገጃዬን አትርገጥብኝ እንጂ። እርስዎ ፈርተው ከሆነ ፈርቻለሁ ይበሉ።»
አፈርኩ።

መስከረም 20
ትንሳኤ ጻፈች። ካትሌሆንግ ክፍል አግኝታለች፣ ቅዳሜ ትወጣለች። ሊንዲን መመለስ አልችልም ብላለች።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ወጣሁ።
በሩን ሳልደበድብ በአንድ ጣት ነካ አደረግኩት። ወዲያው ከውስጥ ኮቴ ተሰማ፣ በሩ ተከፈተ። ውሻዋ አፍንጫዋን ልጅቷ ጉልበት ላይ አድርጋ ቆማለች። ደነገጥኩ፣ ግን አልሸሸሁም።
«ያለ እሷ መኖር አትችዪም?» አልኳት።
«እሺ» አለችኝ።
«ምን እሺ? ጥያቄ እኮ ነው የጠየቅኩሽ!»
«እሺ» አለች ደግማ። ዓይኗ ማስኬ ላይ ተተክሏል።
ያኔ ትዝ አለኝ። የካቲት ላይ ስትገባ «ጆሮዬ ይከብደኛል» ብላኝ ነበር። ስናወራ ደህና ትመልስልኝ ስለነበር ረሳሁት። ለካስ አፌን እያየች ነው የምትሰማኝ።
ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ማስኬን አወረድኩ። ጥያቄውን ደገምኩት።
«አልችልም» አለች። «ከመጋቢት ጀምሮ በማስክ የተነሳ የሰው አፍ እምብዛም አላየሁም። ሰው እንዳይቀየመኝ ለሁሉም እሺ እላለሁ። በር ሲንኳኳ፣ እሳት ላይ የጣድኩት ሲጮህ፣ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ... ሊንዲ መጥታ ትነካኛለች።»
ያን ሁሉ ወር በቡጢ ስደበድብ ለማን ነበር? ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ትዕቢተኛ ናት ብዬ አውርቼባታለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።
«ካትሌሆንግ አትሄጂም» አልኳት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ትምጣ ብያለሁ፣ መጥታለች። ግን... እፈራታለሁ። ሰበቡ ሁሉ እሱ ነው።»
«ምኗን ነው የምትፈሪው?»
«ሳልሰማት ከኋላዬ ስትደርስ።»
«እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አለች።

መስከረም 21
ለሊንዲ ያስቀረጽኩትን ቁልፍ ትንሳኤ ጠየቀችኝ። ከአሮጌ ቁልፍ ጋር አድርጋ ውሻዋ አንገት ላይ አሰረችው። ስትንቀሳቀስ ይንሿሿል። «አሁን ትሰሚያታለሽ» አለችኝ። እሷ የማትሰማውን፣ ለእኔ።
ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 6
ብርድ ልብስ አጠብኩ። ቁልፉ በደረጃው እየተንሿሿ ሲወርድ ሰማሁት። ከወንበሬ አልተነሳሁም፣ ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ። ባልነካትም አልፋኝ ስትሄድ «ሳኒቦና» አልኳት።
ከሰዓት አራት ቁጥርን መከራየት የምትፈልግ ሴት ደወለች። ደስታነሽ እባላለሁ አለች። ዋጋውን ሳትጠይቅ ፈራ ተባ እያለች፣ «እትዬ፣ ረዳት ይዤ መግባት ይቻላል?»
«ባለ ሁለት እግር ናት ባለ አራት?»
«ኧረ ሰው ናት!»
ሰው ከሆነች ላስብበት አልኳት።