የኋላውን አትርሳ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ቀጄላ፣ ነጆ።

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ተሻለዎት? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? የጓሮው ቡና ለለቀማ ደረሰ? እኔ በጌታ ጸጋ ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነችው መኪናዎ ናት፤ በጥር እኅቴን ቢሊሴን ይዛ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች ብለው ለአገር ሁሉ የተናገሩላት መኪና። በስልክ ልነግርዎ ደውዬ ነበር፤ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዝናብ ብቻ አውርቼ ዘጋሁ።

ካቻምና ጉልበትዎ ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው ፒክአፗን ሰጥተው ወደ አሶሳ ሸኙኝ። ሽማግሌዎቹ ጸልየው ሲጨርሱ እርስዎ ትከሻዬን ይዘው «ክረምት ሲያልፍ የኋላውን አትርሳ፣ የፊቱንም እየው» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። አባባ፣ ምርቃት መስሎኝ ነው! መከራው ሲያልፍልህ ቤተሰብህን አትርሳ፣ ነገህንም አስብ ያሉኝ መስሎኝ ነው። ለእማዬ ስኳርና ሳሙና በላክሁ ቁጥር የአባቴን ቃል ጠበቅሁ እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። ይባስ ብዬ በቤተ ክርስቲያን ለወጣቶች ሰበክሁበት። የሞተሩን ዘይት በጊዜው እቀይራለሁ፤ ጎማዎቹን የሚያዞረውን የዲፈረንሻሉን ዘይት ግን ካልፈሰሰ አይነካም ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ከኩርሙክ ስመለስ መኪናዋ ከኋላ ማላዘን ጀመረች። ጋቢና የነበረችው ሰሊጥ ነጋዴዋ ኑራ «መኪናው ያለቅሳል፣ ቁም» አለችኝ። መንገዱ ነው ብዬ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ አደረግሁት። ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማዎቹ ተቆለፉና ቀጥ አለች። ኑራ ከነሰሊጧ ፀሐይ ላይ ቀረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን የምትጠጣውን ውሃ አካፈለችኝ።

አሶሳ ተጎትታ ስትገባ መካኒኩ ረጀብ ከሥር ገብቶ ፈታት። ወንዝ ስሻገር ዲፈረንሻሉ ውሃ ገብቶበት ኖሮ ዘይቱ እንደ አጥሚት ነጥቷል፤ ጥርሶቹም ተበልተዋል። ረጀብ እዚያው እንደተኛ «የኋላው አለቀ። የፊቱንም እንየው» አለ። ያኔ የእርስዎን ድምፅ ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ የነገሩኝ ስለ ፊትና ስለ ኋላ ዲፈረንሻሎች ዘይት ነው! የፊቱ ዘይቱ ተቀይሮ ተርፏል። ለኋላው ግን ዕቃ እዚህ አልተገኘም፤ ለጥር አትደርስም።

እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ወደ ፓዌ የሚሄድ ወጣት እኔ በሰበክሁት በዚያው ቃል ሲመርቁ ሰማሁ። አንገቴን ደፋሁ እንጂ አላረምኩም። ይቅር ይበሉኝ አባባ።

የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ። ታናሽ ወንድሜን ቦዔዝን መኪና ሲያስተምሩት ምርቃቱንና ትእዛዙን ለይተው ይንገሩት። ለቢሊሴ ሰላምታ ለመላክ እንኳ ፊት የለኝም፤ በአውቶቡስ ቀድሜ መጥቼ እኔው እነግራታለሁ፣ እስከዚያ አይንገሩብኝ።

የኋላውን የረሳው ልጅዎ
ገመቺስ ቀጄላ
አሶሳ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.