«ዋስ ነኝ፣ መሞት አልችልም» ያሉት የጋሽ መነጽር የሕይወት ታሪክ

አባታችን፣ ከተማው ሁሉ ጋሽ መነጽር እያለ የሚጠራቸው፣ ከባቡር ትኬት ቆራጩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. በዚችው ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው መንደር ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው በሚንቀጠቀጥ ክፍል ውስጥ ስላደጉ ይመስላል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸጥ ባለ ቤት እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ይህን የምጽፈው የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ። እንዳላጋንን እናታችን አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን መስመር ያነባሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዚሁ በቁምስናችን፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ባለው የደናግል ትምህርት ቤት ገቡ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፉት ደደብ ተብለው ነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አንብብ ሲባሉ ዝም ይላሉ፤ ዝም ሲሉ ይገረፋሉ። በኋላ ከሲስተሮቹ አንዷ፣ ልጁ ማንበብ ሳይሆን ማየት እንዳቃተው ነቅተው መነጽር አሠሩላቸው። በዚያው ሳምንት አባታችን ትልቅ ድንጋጤ ደረሰባቸው። ከትምህርት ቤቱ በር በላይ ተሰቅሎ፣ ቅዱስ ዮሴፍ ነው ብለው ጠዋት ጠዋት ሲማጸኑት የኖሩት ሥዕል የሕንፃው መሐንዲስ ፎቶግራፍ ሆኖ ተገኘ። «ቢሆንም ከለመንኩት አንዳንዱን ሰጥቶኛል» ይሉ ነበር።

በ1953 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ያንን መነጽር የሠራላቸው ባለሙያ ዘንድ በረዳትነት ተቀጠሩ። ሌንስ መሞረድ፣ የተጣመመ ፍሬም ማቃናት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «አይ፣ እኔ ደህና አያለሁ» የሚል ሰው ማሳመን ከባለሙያው ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. ገበያው መግቢያ ላይ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ፊደል ላልቆጠሩ ደንበኞች የዓይን መመርመሪያ እንዲሆን ቁልፍ፣ ወንበርና ዓሣ በገዛ እጃቸው ሥለው ግድግዳው ላይ ለጥፈው ነበር። ዓሣው ግን ዓሣ ስለማይመስል ደህና ዓይን ያላቸውም ይወድቁ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. የቁምስናችን መዘምራን መሪ ከነበሩት እናታችን ጋር በምሥጢረ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ወንዶች ልጆችንና እኔን ወለዱ። ብዙም ሳይቆይ የእሁድ ማስታወቂያ አንባቢ ተደርገው ተመረጡ። ድምፃቸው ጎርናና ነበር፤ ማይክሮፎኑ ሲበላሽ እንኳ ማንም አያውቅም። ሲሳሳቱ እናታችን ከመዘምራኑ መካከል ሆነው በሳል ያርሟቸዋል። አንድ ሳል «ተመለስ» ማለት ነው፣ ሁለት ሳል «በቃህ»። ዕድሜያቸው ሲገፋ ደግሞ ለንባብ ሌላ መነጽር አስፈለጋቸው። ለከተማው ሁሉ የሠሩት ሰው የራሳቸው ነገር ሲሆን ዛሬ ነገ እያሉ ብዙ ጊዜ አሳለፉ።

በ2004 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ በተነሣው ጦርነት ብዙ ሰዎች ወደ ከተማችን ተሰደው መጡ። በአሮጌው የአውቶቡስ መናኸሪያ ጣሪያ ሥር ሰፍረው ሳለ ቦታው ሊፈርስ ነው ተብለው እንዲለቁ ታዘዙ። መሄጃ አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ እሁድ እሁድ መጥተው ከኋላ ወንበር ይቀመጡ ነበር፤ እኛም ከፊት ሆነን ዞር ሳንል እናስቀድስ ነበር። የቁምስናው አለቃ ቆሞሱ ነገሩ ስለከነከናቸው፣ ጸሎት እንድናደርግላቸው አስበው በእጃቸው እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ጻፉ፤ «ስደተኞችን ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን እናስባቸዋለን።»

አባታችን ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው «በአዳራሻችን እናስገባቸዋለን» ብለው አነበቡት።

አንዲት «ገ» ናት። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል ትንሽ ቢያነክስም ትርጉሙን የሳተ ሰው አልነበረም። እናታችን ሳሉ፤ ደግመው ሳሉ። አባታችን ጉንፋን የያዛቸው መስሏቸው ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ አለፉ። ከኋላ ወንበር ላይ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ድንበር የተሻገረ፣ ቋንቋችንን ከሁሉም ቀድሞ የለመደ አንድ በያጅ ተቀምጦ ነበር። የሰማውን ለጎረቤቶቹ በሹክሹክታ ተረጎመላቸው። ዘበኛው ለጸሎቱ ብሎ አዳራሹን ከፍቶት ነበርና፣ ቅዳሴው አልቆ ልናስባቸው ስንገባ ዕቃቸውን ግድግዳ ሥር ደርድረው፣ ልጆቻቸውን አስተኝተው አገኘናቸው። አንድ በአንድ እየተነሡ እጃችንን ጨብጠው አመሰገኑን።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የቁምስናው ምክር ቤት በማግስቱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ባለመድኃኒት ቤቱ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥጋታቸውም እውነተኛ ነበር። «አዳራሹ ለሠርግ ተይዟል፤ ፖሊስ ቢመጣስ ማን ሊጠየቅ ነው? የንባብ ስህተት ነበር ይባልና ይታረም፤ ነውር የለውም» አሉ። ብዙው ሰው ተስማማ። የተሳሳተው ሰው ራሱ በሚቀጥለው እሁድ እንዲያርም ተወሰነና ማረሚያው ተጽፎ ተሰጣቸው።

በዚያ ሳምንት አባታችን ለራሳቸው የንባብ መነጽር ሠሩ። ከሱቅ ሲመለሱም በአዳራሹ በኩል ማለፍ ጀመሩ። በያጁ ለዓመታት አልዘጋ ያለውን መስኮት ጠግኖት አገኙት። ሚስቱ ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣለች፤ ቀኗ ተቃርቦ ነበር። አባታችን ቤት ሲመጡ ስለ መስኮቱ ብቻ ነው ያወሩት።

እሁድ ደረሰ። አትሮንሱ ጋ ወጡ፣ አዲሱን መነጽር አደረጉ፣ ማረሚያውን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው አነበቡት፣ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ባለፈው አንዲት ፊደል ጨምረሃል ተብያለሁ» አሉ። «እውነት ነው፣ ያን ቀን በደንብ አይታየኝም ነበር። ዛሬ ግን መነጽር አድርጌአለሁ። እናስገባቸዋለን።»

እናታችን አልሳሉም።

ባለመድኃኒት ቤቱ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ጋሽ መነጽር፣ ኧረ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። አባታችንም «ወንድሜ፣ ገብተው ሳምንት ያደሩ ሰዎችን እናስባችኋለን ብላቸው አይስቁብኝም?» ብለው መለሱ። ምእመኑ ሳቀ። አብሮ የሳቀ ሰው መልሶ ለማባረር ይቸግረዋል። ቆሞሱም ከመንበሩ ተነሥተው «አሜን» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ጸና።

የመጀመሪያውን ሆን ብለው ነው ወይስ ተሳስተው የሚለው እስከ ዛሬ ቤታችንን ያከራክራል። እናታችን ግን «የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው እሱ ራሱ ነው» ብለው ዘግተውታል።

ቀጥሎ የሆነውን እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹ ፍራሾቹን ወደ ግድግዳ አስጠግተው ሠርጋቸውን ደገሱ፤ የፍራሾቹም ባለቤቶች ታድመው ጨፈሩ። የበያጁ ሴት ልጅ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ተወልዳ ስለነበር በጭፈራው መሀል ተኝታ አሳለፈችው። አባታችን ክርስትና አነሷት። ፖሊሶች መጥተው እነማን ናቸው ብለው ሲጠይቁ ቆሞሱ «የቁምስናዬ ምእመናን ናቸው» አሉ፤ ይህም እውነት እንዲሆን ሁላችንም ሠራን። ከኋላ ወንበር የነበሩት ከመዘምራኑ፣ ከአንባቢዎቹ፣ ኋላም ከምክር ቤቱ ገቡ። የኋላ ወንበር ዛሬ አርፍዶ የመጣ ሰው የሚቀመጥበት ብቻ ነው።

አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ አገኙ። የበያጁ ቤተሰብ ግን ማመልከቻውን ያስገቡት ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው ተብለው ከአገር እንዲወጡ ተወሰነባቸው። ቀነ ገደቡ ያለፈው ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች ነበር። በ2006 ዓ.ም. ይግባኝ አሉ። ፍርድ ቤቱም ይግባኙ እስኪወሰን በዋስ እንዲቆዩ ፈቀደላቸው። ዋሱ በየወሩ ከእነሱ ጋር ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ቀርቦ መፈረም አለበት፤ በሌላ ሰው አይተካም፤ ከቀረ ወይም ከሞተ ፈቃዱ በዚያው ዕለት ያበቃል። ቁምስናው ወጣትና ጤነኛ ሰው ሊፈልግ ሲመክር፣ ሰባ ሊሞሉ ምንም ያልቀራቸው አባታችን ቀድመው ፈርመው ተመልሰው ነበር። «ምነው ጋሼ?» ሲባሉ «ወጣት ሥራ አለበት፤ እኔ መኖር ብቻ ነው ሥራዬ» አሉ።

ያ ሥራ ግን እየከበደ ሄደ። በ2013 ዓ.ም. ልባቸው መድከሙ ታወቀ። ሐኪሙ ነገሩን ቀስ አድርጎ ሊነግራቸው ሲሞክር «ዶክተር፣ እኔ ዋስ ነኝ፣ መሞት አልችልም። ሌላ ምን መድኃኒት አለ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ጤናቸው የግል ጉዳያቸው መሆኑ ቀረ። ባለመድኃኒት ቤቱ ሱቁ ድረስ እየመጡ ደም ግፊታቸውን ይለኩ ነበር። ጨው ሲጨምሩ ከታዩ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ይገባል። ፎጣ ሳይጠመጥሙ ከወጡ ከየደጁ ይቆጧቸዋል። «ኧረ እንደ እንቁላል ያዙኝ እኮ!» እያሉ ያማርሩ ነበር፤ ግን ታዘዙ። ከመሞት መሰንበት እያሉ ያን ሁሉ ክኒን ዋጡ። ሲጋራ ያስተዋቸው እኛ ሳንሆን የበያጁ ልጅ ናት።

ይግባኙ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠው ዓመታት ነጎዱ። አባታችን ግን አንዲት ፊርማ አልጎደሉም። መጀመሪያ በእግራቸው፣ ከዚያ በምርኩዝ፣ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ሄዱ። በመጨረሻ ደረጃውን መውጣት ሲያቅታቸው፣ መጀመሪያ ፊቷን ቋጥራ ትቀበላቸው የነበረችው የመሥሪያ ቤቱ የመስኮት ሠራተኛ መዝገቡን ይዛ መኪናው ድረስ ወርዳ ታስፈርማቸው ነበር። «አሉ?» ትላለች። «አለሁ፣ ምን ልሁን ብለሽ ነው!» ይሏታል።

በዚህ ዓመት ከሚያዝያ ጀምሮ ከአልጋ አልተነሡም። ውሳኔው የሚሰማው ግንቦት 15 ነበር። ሐኪሙ እስከዚያ መድረሳቸውን እንደሚጠራጠር በዓይኑ ነገረን። በያጁ ማታ ማታ መጥቶ እጃቸውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ስለ ወረቀቱ አንዲትም ቀን አንሥቶ አያውቅም፤ ሕመማቸው ላይ የራሱን ጭንቀት መጨመር አፍሮ። አባታችን ግን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን «አይዞህ፣ እኔ እንደሆነ ግትር ነኝ» አሉት።

ግንቦት 15 ቀን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በያጁ ከፍርድ ቤት ሚስቱንና ልጁን ይዞ መጣ። ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን አሉ?» አሉ አባታችን ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ፈቀዱልን ጋሼ።»

«ለሦስታችሁም?»

«ለሦስታችንም።»

«የእኔስ ዋስትና?»

«ወረደ። አልቋል፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ምንም አይጠይቁዎትም።»

አባታችን ለረጅም ጊዜ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። «ተመስገን» አሉ። ከዚያም ያንን የምናውቀውን የተንኮል ፈገግታ ፈገግ ብለው «እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። እኔም ልቀርብ ነውና እናንተ ደግሞ ዋስ ሁኑኝ» አሉ። በያጁ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ፤ እኛም አለቀስን፤ ግን የሐዘን ለቅሶ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ እንደዚያ ቀን ቀሎን አያውቅም።

በማግስቱ ተናዘዙ፣ ቅዱስ ቁርባንና ምሥጢረ ቀንዲልን ተቀበሉ። ክኒናቸውን እንዲውጡ ሲጠየቁ «አሁንማ ተዉኝ» አሉ። ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሁድ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በሰላም ዐረፉ። እውነቱን እንናገር፤ አባታችን ይናፍቁናል፣ ሆዳችንም ባብቷል፤ ነገር ግን እፎይ ብለን ነው የምንሸኛቸው። ሳይጨርሱ አልሄዱም።

አባታችን የሃምሳ አንድ ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩትን በያጁን ከነባለቤቱ፣ የክርስትና ልጃቸውንና ይህን ቁምስና ትተው አልፈዋል። አስከሬናቸውን ከሚሸከሙት አንዱ ባለመድኃኒት ቤቱ ናቸው፤ ራሳቸው ጠይቀው ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያለ ቀጠሮ ይቀበልልን። በደጁ ዋስ አምጡ ከተባሉም፣ ጌታ ሆይ፣ እዚህ የቆምነው ሁሉ ፈርመናል።