ለረቡዕ የሚሆን ወይን

መስከረም 26፣ እሑድ

ቅዳሴ። ከዚያ ቤት። ግቢውን ጠረግኩ፣ ውኃ ስለመጣ በርሜሉን ሞላሁ። ምሳ ከታች ካለው ሆቴል ፓስታ። ጨው በዝቶበታል። ብናገር ደግሞ "ጋሼ፣ እርስዎ ሁሌ አንድ ነገር አያጡም" ይላሉ። ዝም ብዬ በላሁ።

ይቺን ደብተር ናዝሬት ናት የሰጠችኝ። ልጄ። አዋሳ ነው ኑሮዋ። "አባዬ፣ የምታወራው ሰው ካጣህ ጻፍ" አለችኝ። የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው ያለኝ... ቀስ እላለሁ እንጂ እጽፋለሁ። ለማንም አይደለም።

ነገ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ነው። ባለቤቴ ብርቅነሽ ካረፈች ወዲህ ሰዎቹ ስገባ ሲያዩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አልወደውም።

መስከረም 27፣ ሰኞ

ተናድጃለሁ። 

ማኅበራችን ለእያንዳንዱ ቤት ወር አለው። ጥቅምት የብርቅነሽ ነው። ዓመታዊው ክብረ በዓል ስለሚውልበት ትልቁ ወር እሱ ነው። እኔ የእሷ ባል ተብዬ ከጎኗ የምቀመጥ ነበርኩ፣ እውነት ነው። ዛሬ ጸሎቱ እንዳለቀ ኪሩ ተነሣ። ሙሴው እሱ ነው፣ የማኅበሩን ነገር የሚመራው።

"ጥቅምት የብርቅነሽ ነበር" አለ። ነበር! "አሁን ወሩን ኢየሩ ደርባ ትያዘው። ይገዙ በእንግድነት ይመጣል።"

እንግዳ? ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁበት ማኅበር?

"ጥቅምት እኔ ቤት ነው" አልኩ።

"ጠላውን ማን ይጠምቃል? ወጡንስ?" አለ ኪሩ።

"እሱ አንተን አያገባህም።"

ኢየሩ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አየኋት።

"እሺ ይሞክር" አለ ኪሩ፣ ልጅ እንደሚያባብል። "ካልሆነለት ግን ወሩ ለኢየሩ ነው። በቃ።"

ጽዋውን ከነመሶቡ ተቀብዬ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ አረፍኩ፣ ደግሞ አረፍኩ። ላግዝዎት ያለኝን ሁሉ ገላመጥኩት።

መስከረም 29፣ ረቡዕ

ኢየሩ መጣች። "ጠላውን እኔ ልጥመቅልህ፣ ወጡን ከሆቴል ታዛለህ" አለች። አይሆንም አልኳት። "ታዲያ ግዛ። ጠላ ሻጭ ሞልቷል።" እሱም አይሆንም። "አንተ ሰውዬ ምን ሆነህ ነው?" ብላ በሩን ወርውራው ሄደች።

ምን ሆኜ ነው?... እዚህ ቤት ጠላ ከተቀዳ ሁሉም መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ይዞ ዝም ይላል። የብርቅነሽን እያስታወሰ ነዋ። ከዚያ "ደህና ነው" ይላል። ያቺን "ደህና ነው" መስማት አልችልም። ጠላ ያልሆነ ነገር ይሁን። ጠጅም ያው ነው፣ እሱንም ትጥል ነበር። ቢራ ለጽዋ? አይሆንም።

ወይን ግን... ወይን ጥላ አታውቅም።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

አዲሱ ገበያ ወርጄ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ወይኑ ግድግዳ ሙሉ ነው። ከላይ የፈረንጁ፣ ከታች የአገራችን። ለታችኛው ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። ወገቤ እንዳይሆን ሆነ።

አንዲት ልጅ መጣች፣ ደረቷ ላይ ሮዳስ የሚል ተለጥፏል። አነበብኩት።

"አባባ፣ ምን ልርዳዎት?"

"ወይን።"

"ቀይ ነው ነጭ?"

"የሚጠጣ።"

ሳቀች። "ማለቴ... ከምን ጋር ነው የሚጠጡት?"

"ከሰው ጋር።"

"ለሰውማ ሁሉም ይሆናል፣ አባባ። የሚመረጠው ለምግቡ ነው።"

ይሄ ነገር መንገዱን ሁሉ አብሮኝ ሄደ። ግንበኛ ነበርኩ። ድንጋይ ስመርጥ ብቻውን አላየውም፣ ከጎኑ የሚቀመጠውን አይቼ ነው። ወይንም እንደዚያ ከሆነ አያቅተኝም።

ደረቅ የሚባለውን ቀይ ያዝኩ። ጣፋጩንም። ነጩንም።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ቡሽ መክፈቻ የለኝም። በመሮ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ግማሹ ተፈርፍሮ ወይኑ ላይ ተንሳፈፈ። በነጠላ አጠለልኩት። ነጠላው ተበላሸ።

ደረቁ ቀይ፦ ብቻውን ሲቀምሱት ያልበሰለ ሙዝ ነው፣ ምላስ ይይዛል። ተፋሁት። ሰው ይሄን ወዶ ይጠጣል? ከዚያ የበግ ጥብስ መጣ፣ ከሆቴሉ ያስመጣሁት። ስቡን ጎረስኩ፣ ደግሜ ተጎነጨሁ... ሌላ ወይን ሆነ። ለሰለሰ። ሥጋውም ጣመ። ገርሞኝ ጠርሙሱን አየሁት። ያው ነው።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ጣፋጩ ቀይ በፓስታ፦ አይሆንም። የሳል ሽሮፕ መስሎ ተሰማኝ።

ነጩ በዓሣ ጥብስ፦ ጥሩ ነው፣ ሎሚ እንደጨመቁበት። ግን ዓሣ ለማኅበር ማን ያቀርባል?

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ሸፊ ጠራኝ። ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው። "ጋሼ ይገዙ፣ ጠርሙሱ በዛ እኮ። ሰፈሩ ያወራል።"

"ምን ብሎ?"

"ሚስቱ ስትሞት ጠጪ ሆነ እያለ።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ሰክረው አይቼዎት አላውቅም። ግን ጠዋት ጠዋት ባዶ ጠርሙስ ሲያጥቡ... ሰው ምን ይበል?"

ማታ ደግሞ ናዝሬት ደወለች። "አባዬ፣ መጠጥ ጀመርክ አሉኝ።"

"አልጀመርኩም። እየመረጥኩ ነው።"

"ምን?"

"ወይን።"

ቀስ ብላ፣ "አባዬ... ልምጣ?"

አትምጪ አልኳት። እኔ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልጨርስም። የተረፈውን በጆግ ገልብጬ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ወስኛለሁ። በግ አርዳለሁ። ጥብስ፣ ከደረቁ ቀይ ጋር። ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ለኪሩ ነገርኩት። ጮክ ብዬ ነው የነገርኩት፣ ሰው እንዲሰማ።

"በግ?" አለ።

"በግ። ጠቦት። ከወይን ጋር።"

ኪሩ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፣ አጥሩን ተደገፈ። "ይገዙ... ሃያ ሰባት እኮ ረቡዕ ነው የሚውለው!"

ረቡዕ።

አምና በግ ነበር፣ ማክሰኞ ስለነበረ። በዓል ሲባል በግ ብቻ ነው የመጣብኝ። ቀን የምትቆጥረው ብርቅነሽ ነበረች። "በዓሉ ዓርብ ነው፣ በግ እንዳትሸምት" የምትለኝ እሷ። እኔ ያለችውን ይዤ እሄዳለሁ።

ሰው ሁሉ ሰማ። ጮክ ብዬ ነበራ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

አልወጣሁም።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ኢየሩ። አሁን አልሳቀችም፣ እሱ ደግሞ ባሰብኝ። "ይገዙ፣ እልኽ አትጋባ። ወሩን ስጠኝና አርፈህ ና፣ ብላ፣ ጠጣ። ማን ያባርርሃል?"

"እንግዳ ሆኜ?"

"እንግዳ መሆን ምን አለው?"

ምን አለው... እንግዳ ወር የለውም። ዓመቱ ሲዞር የሚጠብቀው ቤት የለም። አንድ ቀን ቢቀር "የት ሄደ?" የሚለው የለም። ይሄን አልነገርኳትም። "አስብበታለሁ" አልኳት።

አላስብበትም።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ጾም ነው፣ ሽሮ ነው። ከሆቴሉ አስመጥቼ ደረቁን ቀይ ሞከርኩበት። እሳት! በርበሬውን አነደደው። ምላሴ፣ ጉሮሮዬ፣ ጆሮዬ ሳይቀር። ነጩም ተሸነፈ፣ ውኃ ሆነ። እነዚያ ሁሉ ጠርሙሶች ለካ ለፍስክ ናቸው።

ጣፋጩ ግን... ከፓስታ ጋር አይሆንም ያልኩት። እሱ በርበሬውን አበረደው። ሙሉ በሙሉ አይደለም። ወይኑ አይለወጥ፣ ሽሮው ይለዘብ እንጂ። ሆቴሉን "በርበሬ ቀንሱ" ብላቸው "ሽሮው የተፈጨው እንዲህ ነው፣ ጋሼ" አሉኝ።

ታዲያ ማን ይቀንስልኝ?

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ወጥ ቤት ገባሁ። ብርቅነሽ ከሄደች ወዲህ ውኃ ለማፍላት ካልሆነ ገብቼ አላውቅም። ሽንኩርቱን ጠራርቤ ጣልኩት። ዱቄቱን በአንዴ ገለበጥኩ። ኮረት ሆነ። በማንኪያ መታሁት፣ አልሰበር አለ። ለድመት ሰጠሁ። ድመቷም አሽትታ ሄደች።

ለናዝሬት ደወልኩ። "ሽሮ ሲጓጉል ምን ይደረጋል?"

"የማን ሽሮ?"

"የሰውየው።"

"የየትኛው ሰውዬ?... አባዬ፣ አንተ ነህ?" ሳቋን ዋጠችው፣ ሰማሁ። "መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው። ሽንኩርቱን ሳትቸኩል አብስለው። እማዬ ሰዓት ሙሉ ነበር የምታቆየው።"

ሰዓት ሙሉ? ለሽሮ?

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ሸፊ ጋ ነጭ ሽሮ ገዛሁ። ግማሹን ባለ በርበሬ፣ ግማሹን ነጭ አድርጌ ቀላቀልኩት። ሽንኩርቱን ሳልቸኩል። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ አወጣሁት። ጣፋጩን ወይን ውኃ ባልዲ ውስጥ አቀዝቅዤ ነበር።

ጎረስኩ። ጠጣሁ።

ተቀመጥኩ። ደግሜ ጎረስኩ።

ገጠመ። በርበሬው ይነሣል፣ ወይኑ ያስቀምጠዋል፣ ደግሞ ሽሮ ያሰኛል። ማንም አልነበረም የምነግረው። ለሸፊ ሽሮውን በሳህን ወሰድኩለት፣ ሙስሊም ነው፣ ወይኑንማ አይነካም። "ማን ሠራው?" አለ። "ቤት" አልኩት። ቤት! እኔ ነኝ ማለት አቅቶኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ጎመን በነጩ፦ ይሄዳል። ምስር ወጥ በጣፋጩ፦ ይሄዳል። ድንች አልጫ በማንኛውም። ጣቴን ቆረጥኩ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

እንጀራ አዝዣለሁ። ድፎው ከዳቦ ቤት። ሌላው በእኔ። ትልቁን ድስት ከቆጡ አወረድኩ። ነገ እንዳይጓጉል ብቻ... ድስቱ ትልቅ ሲሆን ልኩ ይጠፋል ይላሉ። ኪሩ ዛሬ መንገድ ላይ "ተዘጋጀህ?" አለኝ። አዎ አልኩ። "ካልሆነ ኢየሩ ዝግጁ ናት" አለ። አዎ፣ ሰምቻለሁ።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። እግሬ።

ሁሉም መጡ። የመጡት ለማየት ነው፣ ዓይናቸው ያስታውቃል። ቄሱ ጽዋውን አነሡ፣ አሸተቱ።

"ወይን ነው?"

"አዎ አባታችን።"

ኢየሩ፣ "ጠላ የሌለበት ማኅበር አይቼ አላውቅም" አለች፣ ለጎረቤቷ ቢመስልም ለቤቱ ሁሉ።

"ወይንማ ከእኛ ጋር ይተዋወቃል" አሉ ቄሱ፣ ባረኩት። ዞረ። ትንሽ ትንሽ ቀመሱ። ከንፈራቸውን ጠርገው ለቀጣዩ አሳለፉ። ልቤ ወረደ።

ወጡን አቀረብኩ። ባለቤት አይቀመጥም፣ ቆሜ አየሁ። ኪሩ ጎረሰ። ወይኑን አነሣ። ደግሞ ጎረሰ። ከዚያ ብርጭቆውን ሳያየኝ ዘረጋልኝ። ቀዳሁለት። ቀጥሎ የኢየሩ ብርጭቆ መጣ። ቀጥሎ ከዳር ያሉት። እግሬ እስኪዝል ቀዳሁ።

"ሽሮው ግን" አለች ኢየሩ ጣቷን እየላሰች፣ "ማን ነው የሠራልህ? ናዝሬት መጥታ ነው?"

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አዎ ልል ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

 ኪሩ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። "አንተ? ወጥ ቤት ገብተህ?"

"የት ይሠራል ታዲያ? ሳሎን?"

"ወንድ የሠራውን ነው ያበላኸን?"

"ኪሩ" አለች ኢየሩ፣ "አፍህ እኮ ሙሉ ነው።"

ቄሱ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም።

ስንለያይ ኪሩ እንደ ወጉ ተነሥቶ ወሮቹን ጠራ። "ኅዳር የእገሊት፣ ታኅሣሥ የእኔ..." እያለ ጥቅምት ላይ ሲደርስ ኢየሩን አየ።

"ምን ታየኛለህ?" አለችው። "ጥቅምት የይገዙ ነው።"

የይገዙ።

ሁሉም ሄዶ ድስቱን ሳጥብ ነው የገባኝ፣ ማንም "ደህና ነው" አላለም። "ጨምር" ነው ያሉት። ብርቅነሽ ይሄን ብታይ... ትስቅ ነበር መጀመሪያ። ከዚያ ድስቱን ነጥቃኝ ደግማ ታጥበው ነበር።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ኪሩ። ብቻውን። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዟል።

"በዚህ ሳልፍ ነው" አለ። ቤቱ ከታች ነው፣ በዚህ አያልፍም። ግን ተውኩት።

ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስለ ብርዱ አወራ። ስለ ታክሲ ሰልፍ አወራ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ "የጸሐይ እጅ አልታዘዝ ብሏታል" አለ። ሚስቱ ናት። "ማንኪያ እንኳ አትይዝም። ታኅሣሥ ደግሞ የእኛ ወር ነው... ጾም ላይ።"

 ጋዜጣውን ፈታሁ። ደረቁ ቀይ ነው።

"ይሄ ለሽሮ አይሆንም" አልኩት። "ለፍስክ አስቀምጠው።"

"ወይን ወይን ነው።"

"አይደለም። ና ተነሣ።"

ወጥ ቤት ይዤው ገባሁ። ሽንኩርትና ቢላዋ ሰጠሁት። ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ አየ። ሰዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ የሸፊ ሱቅ ፊት ለፊት ነው።

"በሩን ዝጋው እስቲ" አለኝ፣ "ሰው ያየናል።"

"ይየን" አልኩት። "ቀጭን አድርገህ ክተፍ።"