ተመስገን፣ ምን ጎደለን

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? አሁንም መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ትሸከማለህ ወይስ ቀለል ያለ ሥራ ሰጡህ? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ያ የማይለቅህ ሳልህ እንዴት ነው? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን እንዳልልህ ግን ይኼ ቃል ሰሞኑን ምን እንዳደረገን ልንገርህ።

ጎርፉ የታችኛውን ማሳ በአሸዋ እንደቀበረው፣ የዘር እህሉንም ጠራርጎ እንደወሰደው ባለፈው ጽፌልሃለሁ። ከዚያ መንግሥት ለተጎዳ ገበሬ የድጋፍ ገንዘብ ይሰጣል ተባለና መዝጋቢዎች በየቤቱ ሊመጡ ሆነ። እማማ ይህን ስትሰማ ምን ያደረገች ይመስልሃል? ቤት ማሳመር ጀመረች! እንግዳ ሊመጣ ነዋ! እርጥቡን ፍራሽ ጓሮ አስደበቀችኝ፤ ወንበር ከወሬኛዋ ጎረቤታችን ከ«ሬዲዮ» ተዋሰች፤ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር በአንሶላ ጋረደችው። አንሶላውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ እጄን በቆረጠው። የተረፈችንን አንዲት ዶሮም አረደች።

መጡ፣ በሉ፣ አመሰገኑ። ከዚያ መነጽር ያደረገው ሰውዬ ወረቀቱን አውጥቶ ምን ጉዳት ደረሰባችሁ አላት። እማማን ታውቃታለህ፣ ሰው ፊት ጎደለኝ ከምትል ሞቷን ትመርጣለች። ተመስገን፣ ምን ጎደለን አለችው። ማሳውስ ሲላት፣ አፈር አይደል፣ ይመለሳል አለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል ገላመጠችኝና ዋጥኩት። አባባ ማሳው ላይ አሸዋ ሲዝቅ ነበር፤ እነሱም ጭቃውን ፈርተው እስከዚያ አልወረዱም። ሰውዬው ጻፈ፣ እማማም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችበት። ሬዲዮ ግን ደጃፏ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣ እዬዬዋን አቀለጠችው፤ ተመዘገበች። አልፈርድባትም፣ የሷም እህል ሄዷል።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ የእኛ የለም። ከአባባ ጋር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሁለት ጊዜ ተመላለስን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን። እዚያ ያለችው ልጅ፣ ደግ ናት፣ ቅጹን አውጥታ አነበበችልን፦ ጉዳት የለም፤ ቤተሰቡ ምንም አልጎደለንም ብሏል። ዝርዝሩ ወደ ላይ ሄዷል፣ እኔ ምን አቅም አለኝ አለችን፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አባባ ቅጹን ትክ ብሎ አየና፣ ጣቷ ናት አለ። ቤት ስንገባም ሆድ ይፍጀው ብሎ ለእማማ ትንፍሽ አላለም። እሷ አሁንም ገንዘቡ የዘገየ ይመስላታል።

የመዝሪያው ጊዜ ሊያልፍ ዐሥር ቀን ቀርቶታል፤ ዘር የለንም። አባባ የታችኛውን ማሳ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለአምስት ዓመት ሊያከራይ ነው፤ አርብ ይፈራረማሉ። አምስት ዓመት! ከዚያ በኋላ የሚያርስበት ጉልበት ይኖረዋል? ላክልን ማለቴ አይደለም፤ ያንተንም ኑሮ አውቃለሁ። ቢጨንቀኝ ነው፣ ወንድሜ። ማንን ልቆጣ? እሷን? አንጀቴ አይችልም።

አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ሳልህን ችላ እንዳትል ይልሃል። ታናሿ እህታችን ፎቶህን ላክ እያለች ነው፣ ጢም አወጣ ብለዋታል። ሬዲዮ እንኳ ሰላም በይልኝ ብላለች። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆችም ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማማ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች ነው፤ ስለ አርቡ ገና አልነገርናትም። ጉንጭህን ስማሃለች፤ ዘንድሮ ከታችኛው ማሳ እህል ሲገባ መጀመሪያ ለሱ አስፈጭቼ እልክለታለሁ በይልኝ ብላኛለች። ይኸው ብያለሁ።

እህትህ
ከቤት፣ ሰኔ 14 ቀን