በስምህ የማልኩት

ለውድ ወንድሜ ለፌሊም፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የቆሰለ ጉልበትህ የቪየናን ብርድ ቻለልህ ወይ? ባለቤትህ ቴክላስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልሸነግልህም፤ አባታችን አርፈዋል። መርዶህን በወረቀት መላኬን ይቅር በለኝ፤ አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚያረዳህ ዘመድ ከየት ላምጣ?

ከደብሊን ምክር ቤት እያሳላቸው የመጡት ቅጠሉ ሲረግፍ ነበር። ሊያርፉ ሲቃረቡ እንግሊዝኛው ከአፋቸው ጠፋ። ሎርዶቹን ሁሉ ጸጥ ያሰኝ የነበረው አንደበት እናታችን የምታወራውን አይርላንድኛ ብቻ መናገር ጀመረ። የአዲሱ ቤተ ክርስቲያናቸው ቄስ ጎንበስ ብለው «ምን እያሉ ነው?» ቢሉኝ «እየጸለዩ ነው» አልኳቸው። አባታችን ግን «ይሄን አፍንጫም ከፊቴ ዞር አድርጉልኝ! ልጄ ፌሊም የት ሄደ?» ነበር የሚሉት። እያለቀስኩ ሳቅ አመለጠኝ።

አስከሬናቸው አዳራሹ ውስጥ ተጋድሞ፣ ጢሰኛው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ ትምባሆውን ሲያጤስ፣ አልቃሿ ጎብነት አፏን ዘጋች። ለአያታችንም ለእናታችንም ሙሾ ያወረደችው እሷ ናት። «ምነው ዝም አልሽ?» ብላት፣ «እሜቴ፣ በእንግሊዞች ሕግ ርስቱ እንዳይሸነሸን፣ የምክር ቤቱ ወንበር እንዳያመልጣቸው ብለው ቅዳሴያችንን በአደባባይ ክደው ወደ እነሱ ሃይማኖት ገቡ። የገዛ ልጃቸው በዚህ ተቀይሞ አገር ጥሎ ጠፋ። ልጃቸው ያላለቀሰላቸውን እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ያለ ሙሾ መቀበር በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ለከብት ሌባ እንኳ ይለቀሳል።

አንጀቴ አልቻለም። ተነሳሁና «ፌሊም ይቅር ብሏቸዋል፤ ከቪየና ልኮብኛል» አልኩ። ጎብነት ዓይን ዓይኔን እያየች «በእናትሽ ነፍስ?» አለችኝ።

«በእናቴ ነፍስ» አልኩ።

ያኔ ጸጉሯን ፈትታ፣ እጇን ደረታቸው ላይ ጭና ጀመረች። የአያቶቻችንን ስም አንድ በአንድ ጠራች። የሎርድነት ማዕረጋቸውን ትታ «ኮርማክ፣ የፌሊም አባት» ስትላቸው ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ቄሱ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። በማግስቱ በፈረሰው ገዳም፣ እናታችን አጠገብ ቀበርናቸው።

ወንድምዓለም፣ በውሸት ምያለሁ። የሄድክ ዕለት ደጅ ቆመው ሲጠሩህ ዞር ብለህ እንኳ እንዳላየሃቸው አልረሳሁም። ቂምህ ያለምክንያት ነው አልልህም፤ እኔም ስንት ዓመት አኩርፌያቸዋለሁ። ብትቆጣም በእኔ ላይ ተቆጣ። ብቻ አንድ ቀን ቅዳሴ ላይ ስትቆም ስማቸውን አንሣና መሐላዬን እውነት አድርግልኝ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ቴክላን ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን፣ የአባታችንን አገጭ ይዟል ያልከኝን፣ አገጩን ሳምልኝ። ለትንሿም ለሞግዚቷም ሰላምታዬ ይድረስ። ከዚህም አሽከራችን ታይግ እጅ ነስቷል። ጎብነትም ሰላም ብላሃለች፤ «ይቅር ስላልክ እግዜር ይስጥህ፤ አባትህን ከደጅ ያስገባሃቸው አንተ ነህ» ብላሃለች።

እህትህ ኦኖራ
ባሊሞይል፣ ጥር ፲፯፻፷፰